ልምድ ያለው ጀማሪ ይፈለጋል!

ታላላቆቻችን ሥራ ሲፈልጉ አራት ኪሎ ይሄዱ ነበር። ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጋዜጣ በሣንቲም ይከራያሉ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፣ ከጎናቸው ካለው ሰው እስክሪብቶ ተውሰው አድራሻ ይገለብጣሉ። እኛ ደግሞ ዕድሜ ለቴሌግራም ከአልጋችን ሳንወርድ ነው የምንፈልገው። ድንጋዩ ቀርቶልናል። ማስታወቂያው ግን ያው ነው!

እስቲ አብረን እናንብብ። (ማስታወቂያውን ያጠናቀርነው እኛ ነን፤ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ግን «አይቼዋለሁ» ብሎ ይምላል።)

«የሥራ መደብ፦ ጁኒየር ፍሮንትኤንድ ዴቨሎፐር። ብዛት፦ 1። ፆታ፦ አይለይም። ተፈላጊ ችሎታ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ ሪያክት፣ አንጉላርና ቪዩ ጠንቅቆ የሚያውቅ፤ ፎቶሾፕ የሚችል፤ የድርጅቱን ፌስቡክ የሚያስተዳድር፤ ኔትወርክ መዘርጋት ቢችል ይመረጣል። የሥራ ልምድ፦ 3 ዓመት። ደመወዝ፦ በስምምነት። አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ…»

ልብ በሉ! መደቡ ጁኒየር ነው። ጁኒየር ማለት ጀማሪ ማለት ነው። ጀማሪው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጀምር የኖረ መሆን አለበት። ደመወዙም በስምምነት ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ተስማሙ ሲሉን እንጂ ትስማማላችሁ ወይ ሲሉን ሰምተን አናውቅም።

ይህን የምንጽፈው ሦስት ነን። አንድ ክፍል የተማርን፣ በአንድ ቀን ጋዋን የለበስን። ሙያችን ፍሮንትኤንድ ይባላል። ለማያውቁት፦ ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ስትከፍቱ የምታዩትና የምትነኩት ሁሉ፣ ጽሑፉ፣ ቁልፉ፣ ፎርሙ፣ «እባክዎ ስልክ ቁጥርዎን በትክክል ያስገቡ» የሚለው ቁጣ ሳይቀር የእኛ ሥራ ነው። ከሦስታችን አንደኛው ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሁለተኛዋ ተቀጥራ ሥራ ቀይራለች፤ ሦስተኛው አሁንም እየፈለገ ነው። ቡና ስንጠጣ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። እሱ ግን በየጊዜው «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ማለት ጀምሯል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። በእኛ ሙያ ልምድ በዓመትና በማኅተም መለካቱ አሠሪውንም ሠራተኛውንም አልጠቀመም። የአንድ የፍሮንትኤንድ ሰው ልምድ ሠርቶ ለሰው ያስረከበው ሥራ ነው፤ «ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ሲባልም ምክንያቱን መናገር መቻሉ ነው። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

ስለ ወረቀቱ

ወረቀቱን ስንንቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ሥራ ሲለቅ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። መብታችሁ ነው፤ ጠይቁ፣ ውሰዱ። ነገር ግን አዋጁ በዚያ ማስረጃ ላይ እንዲጻፍ የሚለው ምንድን ነው? ይሠራው የነበረው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ። አበቃ። ሥራው ጥሩ ነበር አይልም፣ መጥፎም ነበር አይልም። አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የደገመ ልጅ «ሦስተኛ ክፍል ነኝ» አይልም፤ አንድ ገጽ ለሦስት ዓመት ሲቀባባ የኖረ ዴቨሎፐር ግን «የ3 ዓመት ልምድ» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ ይዞ ይወጣል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን መዝገብ በኪሱ ይዞ አይሄድም። ነርሷም ያከመቻቸውን ሰዎች ሰብስባ ቃለ መጠይቅ አትገባም። ለእነሱ ደብዳቤው ምትክ የለውም እንበል። የእኛን ሥራ ግን ቀጣሪው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በጣቱ ነክቶ ይከፍተዋል። ዐይኑ እያየ ሊፈትነው የሚችለውን ነገር ትቶ ማኅተሙ ክብ ነው ወይስ ሞላላ ብሎ ይመረምራል። ጉድ እኮ ነው!

ስለ ነፃው ፈተና

«የለም፣ እኛማ ሥራ እናያለን፤ ፈተና እንሰጣለን» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ የሦስተኛውን ጓደኛችንን ታሪክ እንንገራችሁ።

ስሙን የማንጠራው አንድ ድርጅት «ችሎታህን ለማየት ያህል ትንሽ ነገር ሥራ» አለው። ትንሿ ነገር የምግብ ማዘዣ ገጽ ሆና ተገኘች። የምግብ ዝርዝር አላት፣ ዘንቢል አላት፣ የክፍያ ገጽ አላት፣ በስልክም በኮምፒውተርም አምራ መታየት አለባት። አምስት ቀን ሠራ፤ ሌሊቱንም ጨምሩበት። የኢንተርኔት ፓኬጁን የገዛችለት እህቱ ናት። ላከ። «እንደውልልሃለን» ተባለ። ያልተደወለ ስልክ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ሥራ ፈላጊ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከሁለት ወር በኋላ ያችኑ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አገኛት፤ የሰው አርማ ተለጥፎባት፣ ሰው ምግብ እያዘዘባት። የእሱ መሆኗን በምን አወቀ? «ዘንቢል» የሚለውን በሌሊት እንቅልፍ «ዘንቢለ» ብሎ ጽፎት ነበር። ስህተቱን እንኳ አላረሙለትም!

ይህ ፈተና አይደለም፤ በፈተና ስም ያለ ደመወዝ ማሠራት ነው። ቀጣሪዎች «ያልታወቀን ሰው እንዴት ቀጥረን እንመን?» ይላሉ። መልሱ እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዶላችኋል፤ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ በሙከራው ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ትችላላችሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ዋስትና ትፈልጋላችሁ? በሙከራው ጊዜ ግን ሠራተኛው ደመወዙን ያገኛል። ልዩነቱ ይቺው ናት።

ጨዋ ፈተና የለም አንልም። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት የሆነ፣ ድርጅቱ ወስዶ ሊሸጠው የማይችል፣ ካለቀ በኋላም «አለፍክ» ወይም «አላለፍክም» የሚባልበት ፈተና ጨዋ ነው። ከዚያ የረዘመ ከሆነ ይከፈልበት። ሥራ ፈላጊዎችም ሆዳችን እየባሰን ቢሆን «ይህ የአምስት ቀን ሥራ ነው፤ አንዷን ገጽ ብቻ ልሥራ» ማለትን እንልመድ። ያንን ሰምቶ የሚቆጣ ድርጅት ከቀጠረን በኋላም አይምረንም።

የራሳችን ጉድ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ጣት ወደ ሌላ መቀሰር ቀላል ነው።

ከተመረቅን በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍነው ሰርተፍኬት በመሰብሰብ ነው። የዚህ ኮርስ፣ የዚያ ኮርስ፣ የአሥር ሰዓት ቪዲዮ፣ የአርባ ሰዓት ቪዲዮ። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ሲሠራ እያየን የሠራን መሰለን። የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያገባ ይመስል!

ሌላው በሽታችን አዲስ መሣሪያ ማሳደድ ነው። አንዱ «ሪያክት አልቆለታል» ሲል እንደነግጣለን። እስቲ ታሪኩን እንየው። ጄክዌሪ በ2006 እ.ኤ.አ. መጣ፤ «ይህን ያላወቀ አይቀጠርም» ተባለ። አንጉላርጄኤስ በ2010 መጣ፤ ለእሱም እንዲሁ ተባለ፤ በ2021 መጨረሻ ላይ ግን የሠራው ጉግል ራሱ ድጋፉን አቆመ። ሪያክት በ2013፣ ቪዩ በ2014 ተከተሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ቲም በርነርስ ሊ በ1990ዎቹ መግቢያ የፈጠረው ኤችቲኤምኤል፣ ብሬንደን አይክ በ1995 በአሥር ቀን ጽፎ ያደረሰው ጃቫስክሪፕት፣ በ1996 የጸደቀው ሲኤስኤስ ዛሬም አሉ። መሣሪያዎቹ ሁሉ የቆሙት በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ጣሪያ ለመቀያየር ስንሮጥ መሠረቱን ሳንማር ቀረን። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ቁልፍ ያለ ሪያክት ሥራው» ሲባል ላብ የሚያጠምቀን ለዚህ ነው።

ሪያክት አትማሩ እያልን አይደለም፤ ማስታወቂያው ላይ አለና ተማሩ። ግን አንዱን ብቻ ያዙና ውረዱ፤ እስከ መሠረቱ ድረስ።

የእድሩ ገጽ

አሁን የሁለተኛዋን ጓደኛችንን እንንገራችሁ። ሥራ ባጣችበት ክረምት አባቷ «አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ፤ የእድራችንን መዝገብ አንድ ነገር አድርጊው» አሏት። ወርኃዊ መዋጮ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ቀብር መቼ ነው፣ ይኸው ነው። እሷም እንደኛው «ይቺማ የሦስት ቀን ሥራ ናት» ብላ ገባችበት። ሁለት ወር ፈጀባት።

መጀመሪያ ያሰናከላት ስም ነው። የለመደችው ፎርም «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላል። የእድር አባል ግን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለው፤ በሰፈሩ አራት ሰዎች በስምና በአባት ስም አንድ ናቸው። ቀጥሎ ፍለጋው መጣ። ጸሐፊው «ሀይሉ» ብለው ሲፈልጉ መዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ስለተጻፈ «አልተገኘም» ይላል። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። በድምፅ አንድ መሆናቸውን ለማሽኑ መንገር የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው። ነገረችው።

ከዚያ ቀን። የተለመደው ቀን ማስመረጫ ሳጥን ጳጉሜን የሚባል ወር ሰምቶ አያውቅም። ጃቫስክሪፕት ግን ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ማሳየት እንደሚችል ፈልጋ ደረሰችበት፤ ማስመረጫውን ራሷ ሠራችው። ከዚያ ሰዓት። «ቀብር በ9 ሰዓት» ሲባል ስልኩ 3 ሰዓት ነው የሚለው፤ ይህን ያልተረዳ ገጽ ሰውን ከቀብር ያስቀራል። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው አጥልቀው «ልጄ፣ ጽሑፉ አይታየኝም» አሏት። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ነበር፤ ለእኛ ለወጣቶቹ ዘመናዊ ነው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖር እንደሚያዝ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ኮርሱ ላይ ተነግሯት ነበር፤ ከጭንቅላቷ የገባው ግን ከዳኛው በኋላ ነው።

ቃለ መጠይቅ ስትገባ ስለ ሪያክት አንድ ጥያቄ ተጠየቀች። ከዚያ አንደኛው ጠያቂ ገጹን በስልኩ ከፈተና «ይህን ቁልፍ ለምን ይህን ያህል አተለቅሽው?» አላት። አርባ ደቂቃ አወራች። ስለ ዳኛው ጣት፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ኃይሉ። ተቀጠረች። ማስታወቂያው 2 ዓመት ነበር የሚለው፤ ዓመቱን ማንም አላነሳውም።

አንድ ሰው ስለተሳካለት ሁሉም ይሳካለታል ማለት አይደለም፤ እናውቃለን። እሷም ብትሆን ቃለ መጠይቁን ያገኘችው ገጹን ያየ የእድር አባል ለአንድ ሰው ነግሮላት ነው። «እንግዲያው በዘመድ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ዘመድ «የእኔ ልጅ ናት፣ ቅጠሯት» ይላል። ምስክር ግን «የሠራችውን አይቻለሁ፣ እናንተም እዩት» ይላል። በዘመድ የሚያምን ሰፈር ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ያለው አንድ ነገር ቢኖር ምስክር ማፍራት ነው። ምስክር ደግሞ የሚገኘው ሥራው ሰው እጅ ከገባ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተራችን ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ፕሮጀክት ማንንም አይመሰክርም።

ማሽኑ ከመጣ ወዲህ

«አሁንማ ቻትጂፒቲ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ሙያችን እንደ ድሮው አይደለም። ማሽኑ የሚያምር ገጽ በቅጽበት ይጽፋል። ጀማሪ ሲቀጠር የሚሰጠው ቀላል ሥራ ዋነኛ ተሻሚ የሆነውም እሱ ነው። እኛም እንጠቀምበታለን፤ አልተጠቀምንም ብለን አንዋሽም።

ግን ይህ ነገራችንን አጠነከረው እንጂ አላፈረሰውም። ድሮ የሚያምር ገጽ ማሳየት ብቻውን ያስቀጥር ነበር፤ ዛሬ የሁሉም አመልካች ገጽ ያምራል፤ ያውም ሁሉም አንድ ዓይነት! ስለዚህ ጥያቄው ወደ «ለምን?» ዞሯል። ማሽኑ ለእድሩ «ላስት ኔም» ብሎ ቢጽፍ ስህተት መሆኑን ማን ያውቃል? የዳኛውን መነጽር ማን አየ? ያስጻፋችሁትን እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ካቃታችሁ ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ጠያቂውም በሦስተኛው ጥያቄ ይደርስበታል።

ከተቀጠርን በኋላስ?

የመጀመሪያው ጓደኛችን ደግሞ ተቀጥሮ ምን ገጠመው? በደብዳቤው ላይ ፍሮንትኤንድ ዴቨሎፐር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ፕሪንተር ሲጣበቅ የሚጠራው እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ኮድ የሚጽፍ የለም። የጻፈውን አይቶ «ይህ አይሆንም» የሚለው ሰው ሳይኖር ሁለት ዓመት ሞላው። ማዕረጉ «ሲኒየር» ሆኗል፤ እሱ ራሱ ይስቃል።

ከእሱ የተማርነው ይህን ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስንጠየቅ ብቻ አንቀመጥ፤ እኛም እንጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ደመወዙ ስንት ነው?» ቢሆን አናፍርም፤ ሁለተኛው ግን «የምጽፈውን ኮድ ማን ያይልኛል?» ይሁን። በመጀመሪያው ሥራችሁ ትንሽ ከፍሎ የሚያርማችሁ ሰው ያለበት ቤት፣ ትንሽ ጨምሮ ብቻችሁን ከሚተዋችሁ ቤት ይሻላል።

ሌላው ደብተር ነው። በየሳምንቱ አንድ ነገር ጻፉ፦ ምን ችግር ገጠመኝ፣ ምን መረጥኩ፣ ለምን፣ ምን ሆነ። «ገጹ ለመከፈት አሥራ ሁለት ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ፎቶዎቹን አሳንሼ ወደ አራት አወረድኩት» የሚል ሰው ጭማሪ ሲጠይቅ አይንተባተብም። «ሁለት ዓመት ስላገለገልኩ» የሚለው ግን ይንተባተባል። ጓደኛችን ደብተሩን ዘንድሮ ጀምሯል። ፕሪንተሩንም ጭምር ይጽፋል፤ ለሳቅ ይሆነዋል።

የውጭ ሥራ የምትፈልጉም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ባሕር ማዶ ያለ ቀጣሪ ማኅተማችንን አያነብም፤ ሊንኩን ግን ይከፍታል። መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው እያልን አይደለም። በ2012 ዓ.ም ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ለውጭ ደንበኛ ይሠሩ የነበሩ ልጆች ምን እንደሆኑ አይተናል። ሥራውን በቀኑ ባታስረክብ «ኢንተርኔት ተዘግቶ ነው» የሚል ማስረጃ የሚጽፍልህ ቀበሌ የለም።

ለቀጣሪዎቻችን

እንግዲህ እናንተ ቀጣሪዎች፣ አንዲት መስመር ብቻ ቀይሩልን። «የሥራ ልምድ፦ 3 ዓመት» የሚለውን ሰርዙና «ሠርታችሁ ለሰው ያስረከባችሁትን አንድ ሥራ ላኩልን፤ ምክንያቱን እንጠይቃችኋለን» ብላችሁ ጻፉ። ደመወዙንም አብራችሁ ጻፉ። የማይረቡ አመልካቾች በራሳቸው ጊዜ ይቀራሉ፤ የሚረቡት ይመጣሉ። ለእናንተም ድካም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጓደኛችን ሰኞ ቃለ መጠይቅ አለው። ማስታወቂያው ያው 3 ዓመት ይላል። በዚህ ሁለት ወር ለእህቱ ሱቅ አንድ ገጽ ሠርቶላታል፤ ፓኬጅ የገዛችለት እህቱ ናት። ደንበኞቿ ዕቃ መኖር አለመኖሩን ሳይደውሉ በስልካቸው ያዩበታል፤ ዋጋ ሲቀየርም ራሷ ትቀይረዋለች። ትናንት ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ገጹን እየነካካን «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ያኛውስ?» እያልን ስናፋጥጠው አመሸን። ሁለቱን አልመለሰም። ቅዳሜና እሁድ አለው።

ማኅተም የለውም። 0 ዓመት ከ1 ገጽ ይዞ ነው የሚገባው።

ቡናውን ግን ትናንት ጠጥቷል። ቸር ወሬ ያሰማን!